ፋይሉ ተልኳል፣ ወረቀቱስ?

በእኛ አገር ልጅ የሚያስተምር ሰው ድሮ መስከረም ላይ ደብተሩን፣ እስክሪብቶውን፣ ዩኒፎርሙንና ጫማውን ከገዛ በኋላ ትንሽ እፎይ ይል ነበር። ዛሬ እፎይታ የለም። ዓመቱን ሙሉ የሚከተል ሌላ ወጪ መጥቷል፤ እሱም ፕሪንት ነው። ሰኞ የባዮሎጂ ሀንድአውት፣ ረቡዕ የሒሳብ ወርክሺት፣ ዓርብ የቡድን አሳይመንት ከነሽፋኑ፣ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ያለፉት ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች። ሁሉም በቴሌግራም ይላካል። በስልክ የመጣው ግን በስልክ አይጠናም፤ ስልኩም ብዙ ጊዜ የልጁ ሳይሆን የታላቅ ወንድሙ ወይም የጎረቤት ነው። የግድ ወረቀት ላይ መውጣት አለበት። ልጁ ግን በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያንን ወረቀት የሚያወጣበት ቦታ የለውም። እሮሯችን እዚህ ላይ ነው።

ማተሚያ ማሽን ከትምህርት ቤት ጠፍቶ አይደለም። አለ፤ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ደብዳቤ ይወጣበታል፣ ሮስተር ይወጣበታል፣ ለወረዳ የሚላክ ሪፖርት ይወጣበታል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ አለ፣ መደርደሪያ ላይ የቆዩ መጻሕፍት አሉ፤ ተማሪው ፍላሹን ሰክቶ፣ የሚፈልገውን ገጽ መርጦ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወረቀቱን ይዞ የሚወጣበት ማሽን ግን የለም። በደቡብ ጎንደር የምንገኝ የወገዳ፣ የአርብ ገበያ፣ የመካነ ኢየሱስና የነፋስ መውጫ ወላጆችና መምህራን ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ተገናኝተን ወሬው ወደ ልጆች ትምህርት ሲዞር የሁላችንም ምሬት አንድ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በመንግሥት ነው፤ ትምህርቱ የሚጠናበት ወረቀት የሚገኘው ግን በገበያ ነው።

ከክፍል የወጣ ተማሪ እንግዲህ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሮጣል። አንድ ፈረቃ ሲለቀቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው። ባለ ኮፒ ቤቱ አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ማሽን የመሬት ደብተሩን የሚያስገለብጠውን ገበሬ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ የሚያስጽፈውን ባለጉዳይ፣ የመታወቂያ ኮፒ የሚፈልገውን ሥራ ፈላጊ ያስተናግዳል። እነሱ ሩቅ መንገድ አለባቸው፣ ጉዳያቸውም አይቆይላቸውም፤ ስለዚህ ሦስት ገጽ የያዘ ልጅ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል። በገበያ ቀንማ በሩ ላይ መድረስም አይቻል። ልጆቹ «ጋሼ፣ የኛን ቶሎ በለን» እያሉ ይለምናሉ፤ ጋሼም እጁ ሁለት ብቻ ነው። ሴት ልጆች እዚያው ተገትረው ሲመሽባቸው ጨለማውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለሦስት ገጽ ወረቀት ሲባል አንድ እናት ልጇን እስከ ምሽት በር ላይ ቆማ መጠበቅ የለባትም።

በባለ ኮፒ ቤቶቹ አንፈርድም። ኪራይ ይከፍላሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ቶነር ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር በጭነት ያስመጣሉ። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የልጆቻችን ነገር ጨርሶ ያልቅለት ነበር። የምናማርረው ትምህርት ቤቱ የራሱን ሥራ እነሱ ትከሻ ላይ ጥሎ ዘወር ስላለ ነው። ሥራው ከግቢ ውጭ ሲወጣ ሌላ ነገርም አብሮ ይወጣል። የተማሪው ፋይል እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። የአንዱ ቡድን አሳይመንት ሽፋኑ ብቻ ተቀይሮ ለሌላው ቡድን ይሸጣል። መምህሩ አርባ ተማሪ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዞ ሲመጣ ያዝናል፣ ይቆጣልም፤ ቁጣው ትክክል ነው። ልጁ ራሱ ቁጭ ብሎ የሚጽፍበትና የሚያትምበት ቦታ ግን ማንም አልሰጠውም።

የፍላሹን ጣጣ ደግሞ የማያውቅ የለም። ልጁ ከጓደኛው የተዋሰው ፍላሽ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። በማግሥቱ ሲከፈት ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ የሳምንት ሥራ የት እንደገባ አይታወቅም። ፋይሉ ቢገኝ እንኳ ፊደሉ ይከዳል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የአማርኛ አሳይመንት ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ማይክሮሶፍትም ኒያላ የተባለውን ፊደል በ2007 ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መስጠት ጀምሯል። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎም ልጆቻችን የአማርኛ ጽሑፍ አሳትመው ሣጥን ሣጥን የሆነ ገጽ ይዘው ይመለሳሉ፤ ለተበላሸውም ገጽ ይከፍላሉ። አንድ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ «ይህንን በዚህ ፊደል ጻፈው፣ ከመላክህ በፊት ፒዲኤፍ አድርገው» ቢላቸው በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር። የሚላቸው የለም።

መብራቱን ማንሳት ያሰለቻል፤ ሳይነሳ ደግሞ አይታለፍም። ልጁ ተራው ደርሶ ፋይሉ ተከፍቶ ሳለ መብራት ድርግም ይላል። ሲመጣ ኔትወርክ የለም። ኔትወርኩ ሲመጣ ወረቀት አልቋል። ወረቀት ሲመጣ ቶነሩ ደክሞ ጽሑፉ መሐል ለመሐል ነጭ መስመር እየሠራ ይወጣል፤ የሒሳቡ ምልክት መደመር ይሁን መቀነስ አይለይም። አሳይመንቱ ግን ቀኑ አይራዘምም። «ለምን አላመጣህም?» ሲባል «መብራት ጠፍቶ» የሚል መልስ ሰበብ ይመስላል፤ ልጁ እውነቱን ተናግሮ እንደ ዋሾ ይታያል። ይህ ከማርኩ መቀነስ የበለጠ ልጅን ይሰብራል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነገሩን ያባባሰው የመጽሐፍ ጉዳይ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ቀድሞ የደረሰው የታተመው መጽሐፍ ሳይሆን ሶፍት ኮፒው ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ፋይሉን ለቀቀ፣ መምህራን በቴሌግራም ተቀባበሉት፣ ከዚያ በኋላ «መጽሐፉ አለ» ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ስልክ የሌለው ልጅ፣ ስልክ ኖሮት ካርድ የሌለው ልጅ፣ ካርድ ኖሮት ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ያለ ልጅ መጽሐፉን አላገኘም። በክልላችን በአማራ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ብዙ ትምህርት ቤቶችም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ተዘግተው ከርመዋል። ኢንተርኔት በሌለበት አገር መጽሐፍን በፋይል መስጠት ማለት ለልጁ ምንም አለመስጠት ነበር። በዚያ ጊዜ ያተረፈን ነገር ቢኖር አንድ መምህር ከከተማ በፍላሽ ይዞ የመጣው ፋይልና ከሱ ላይ የወጣው ወረቀት ነው።

ነገሩን እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ 200 ገጽ ነው እንበል። በየቢሮው የተለመደው ትንሹ የኤችፒ ሌዘር ማተሚያ የሚጎርሰው 12ኤ ቶነር በፋብሪካው ስሌት 2,000 ገጽ ገደማ ያወጣል፤ ያውም ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳሳ ያለ ከሆነ ነው። ሥዕልና ሰንጠረዥ የሞላበት የሳይንስ መጽሐፍ ከዚያ በፊት ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቶነር ቢበዛ ለ10 ተማሪ አንድ አንድ መጽሐፍ አትሞ ያልቃል። ወረቀቱ በአንድ ፊት ብቻ ከታተመ 2,000 ቅጠል፣ ማለትም 4 ደስታ ነው። ባለ 80 ግራሙ ኤ4 ወረቀት አንዱ ደስታ 2 ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን 10 ኪሎ ወረቀት መሆኑ ነው። በሁለት ፊት ቢታተም ግማሹ ይበቃል። ይህ የአንድ ትምህርት ሒሳብ ነው፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስንት ትምህርት እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ቶነርም ወረቀትም ዋጋው ወደ ላይ ነው የሄደው። ይህን ጭነት በገጽ እየከፈለ የሚዘልቅ ገበሬ የለም።

ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። ከተማ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ አባቱ ቢሮ ሄዶ ያሳትማል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ግን ቅዳሜ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል፤ እናቱ እንቁላል ሸጣ የሰጠችው ብርም በመቀነቱ ቋጠሮ ውስጥ ናት። ያቺ ብር ለጨው፣ ለዘይት፣ ለሳሙና ነበር የታሰበችው። አሁን ለፕሪንት ትሄዳለች። ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ፈተና ይፈተናሉ፤ አንዱ የአምስት ዓመት የማትሪክ ጥያቄ በእጁ ይዞ ሲያጠና ሌላው የጓደኛውን ወረቀት ለአንድ ሌሊት ተውሶ በኩራዝ ይገለብጣል። የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.2 በመቶ ብቻ መሆኑን ሰምተን ደንግጠናል። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት ተደርድሯል፤ የወረቀት ማጣት ብቻውን እዚያ አላደረሰንም። ግን መጽሐፍ ሳይይዝ የተፈተነ ልጅ ስለ ውጤቱ ሲወቀስ መስማት ያማል።

በዚህ አገር መገልበጥ አዲስ ነገር አይደለም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋስዕት። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ቃሉን ከነምልክቱ መስመር በመስመር በብራናው ላይ ያሰፍራል። እዚያ መጻፉ ራሱ ትምህርት ነው። ምልክቱን በጻፈ ቁጥር ዜማው በጉሮሮው ይቀመጣል፣ መምህሩም አጠገቡ ሆነው ያርሙታል፤ ሲጨርስ ዕድሜ ልኩን የሚገለገልበት መጽሐፍ ባለቤት ነው። አንዳንዱ ሰው ይህንን እያነሣ «የድሮ ተማሪ እየገለበጠ ተምሯል፣ የዛሬውስ ለምን አይገለብጥም?» ይላል። የፊዚክስ ወርክሺት ግን ሌላ ነው። ልጁ በኩራዝ ብርሃን የሰርኪዩት ሥዕልና የግራፍ መስመር ሲገለብጥ አንድ ነገር አይማርም፤ የሚማረው ጥያቄውን ሲሠራ ነው። ሌሊቱን በመገልበጥ ከጨረሰው የሚሠራበት ሰዓት አልቋል። ግራፉንም አዛብቶ ከገለበጠው የሚያወጣው መልስ የተሳሳተ ነው፣ የሚያርመውም ሰው አጠገቡ የለም።

መምህራኑም ከዚህ ችግር ውጭ አይደሉም። ጥሩ ሀንድአውት ያዘጋጀ መምህር አባዝቶ ለተማሪዎቹ መስጠት አይችልም፤ አንድ ቅጂ ለክፍል አለቃው ሰጥቶ «አስገልብጡት» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። አንዳንድ ቦታ የፈተና ወረቀት የሚገዛው ከተማሪ በተሰበሰበ መዋጮ ነው። መዋጮው ሳይሟላ ሲቀር ፈተናው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ኋላ የተቀመጡት ልጆች ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ ደወሉ ይደወላል። መምህሩ ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም። ስቴንስል ተቆርጦ በእጅ እየተዘወረ ይባዛ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ አንጋፋ መምህራን አሉ። ፎቶ ኮፒ ማሽን በተራ ወረቀት ላይ በቀላሉ መገልበጥ የጀመረው በፈረንጆቹ 1959 ዜሮክስ 914 የተባለው ማሽን ለገበያ ሲቀርብ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር እኛ ዘንድ አሁንም የቢሮ ንብረት ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

ተማሪ ራሱ የሚያትምበት አሠራር በሌላው ዓለም ተራ ነገር ነው። ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ሄዶ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የተቀመጠ ሰው ልጁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የቤት ሥራውን አትሞ ሲመጣ ያያል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው ፋይሉን ይልካል፤ ፋይሉ ወዲያው አይታተምም፣ ይጠብቀዋል። ማሽኑ ጋ ሄዶ ቁጥሩን ሲያስገባ ስንት ገጽ እንደሆነና ስንት እንደሚያስከፍል ይነገረዋል። ከተስማማ ይታተማል፣ ዋጋውም ከቀሪ ሒሳቡ ላይ ይቀነሳል፤ ሳይወስደው የቀረ ፋይል ራሱ ይጠፋል። ፔፐርከት የሚባለው በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ይህን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ መነሻው በትምህርት ቤት ውስጥ የነበረው የወረቀት ብክነት ነበር። እኛ ዘንድ «ተማሪ ወረቀት ያባክናል» ተብሎ በር ሲዘጋ፣ እነሱ ያንኑ ፍርሃት ይዘው ቆጣሪ ሠሩለት።

የሚሰጠንን መልስ እናውቀዋለን፤ ስንሰማው ኖረናል። አንደኛው «ተማሪ ማሽኑን ያበላሻል» ነው። የሚያበላሸው እኮ ማንም ስላላሳየው ነው። ወረቀት እንዴት እንደሚገባ፣ ሲነክስ እንዴት እንደሚወጣ አንድ ቀን የተማረ ልጅ ከብዙ አዋቂ የተሻለ ይይዘዋል። ሁለተኛው «ንብረቱ በስሜ በሞዴል ወጥቷል፣ ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ነው። ይህን የሚለውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አናጥላላም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ዕዳው ግን እውነተኛ ነው። ስለዚህ ነው ንብረቱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፣ እርጅናና ብልሽትም በሰው ጥፋት እንዳይቆጠር የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብለው መወሰን ያለባቸው። ተጠያቂነትን ፈርቶ የተቆለፈ ማሽን በካርቶኑ ውስጥ ሆኖም ያረጃል፤ ቶነሩም ሳይሠራበት ጊዜው ያልፋል።

ሦስተኛው መልስ «በጀት የለም» ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ማሽን ሲለገስ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል። ቶነር ሲያልቅ ግን የሚለግስ የለም። ፕላዝማውን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለው ከአዲስ አበባ በሳተላይት ትምህርት ይተላለፍ ጀመር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ገጠር ያለው ልጅ ከተማ ካለው እኩል መምህር እንዲያገኝ ነበር። ግን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ጠፋ፤ መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫም ጠጋኝም አልተገኘም። ብዙ ቦታ ስክሪኑ ከነመስቀያው ግድግዳ ላይ ቀረ። ከዚያ የተማርነው ነገር ካለ ይህ ነው፤ ማሽን መግዛት የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ብቻ ነው፣ በየዓመቱ የሚመጣውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ያልተወሰነለት መሣሪያ ዕድሜ የለውም።

የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ደስ ብሎናል፤ አገር ለንባብ እንዲህ ያለ ቤት መሥራቱ የሁላችንም ነው። በእኛ አካባቢ ላለው ለስማዳ ልጅ ግን የሚበቃው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ቢቻል የዊንዶውስ የፍላሽ ቫይረስ እንዳያስቸግረው ሊኑክስ የተጫነበት። የሁሉም ክፍል መጽሐፍ፣ የመምህራኑ ሀንድአውትና ያለፉት ፈተናዎች በየትምህርቱ ተለይተው እዚያው የተቀመጡበት፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም የሚከፈት። አንድ ትንሽ ዋይፋይ ራውተር፣ ስልክ ያለው ልጅ ያለ ዳታ ፋይሉን ወደዚያ የሚልክበት። ማተሚያውም በጠርሙስ ቀለም የሚሞላው ዓይነት ይሁን። አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም ብዙ ሺህ ገጽ ያወጣል፣ የሚበላውም መብራት ከሌዘሩ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሌዘሩ ሲሞቅ ብዙ መቶ ዋት ሲጎትት ይህኛው ሲያትም ከ20 ዋት ብዙ ስለማያልፍ በትንሽ ሶላርና ባትሪም ይሠራል። መብራት ጠፋ የሚለው ምክንያት በዚህ ይቀንሳል።

አከፋፈሉንም ማወሳሰብ አያስፈልግም፤ ካርድና ቁጥር ባይኖረንም ደብተር አለን። ለእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት የተወሰነ ገጽ በነፃ ይመደብለት። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ብሎክ ግራንት መስጠት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ገንዘቡ ለመማር ማስተማር ነው የተባለው፣ ከዚህ የቀረበ መማር ማስተማር ደግሞ የለም። ከተመደበለት በላይ የሚያትም ልጅ በኩፖን ይክፈል፤ ዋጋውም የወረቀቱና የቀለሙ ብቻ ይሁን፣ ትርፍ አይኑርበት። ያለው የሌለውን ልጅ እንዳይገፋው የነፃው ገጽ በስም ይመዝገብ። ማሽኑ ሁልጊዜ በሁለት ፊት እንዲያትም ይስተካከል፤ ይህ ብቻ ወረቀቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። በየፈረቃው ሁለት ሁለት ተማሪዎች ከአይሲቲ መምህሩ ጋር ተራ ይግቡና ሌላውን ያሳዩ። የገባውና የወጣው ሒሳብ በወር አንድ ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የተለጠፈ ሒሳብ ሐሜትን ያስቀራል።

ጥቅሙ ከወረቀቱ ያልፋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ ነገ ሁሉም ወደዚያው ነው የሚሄደው። የእኛ ልጆች ማውዝ የሚይዙት ያኔ፣ ሰዓት በሚቆጠርበት፣ ልብ በሚመታበት ቀን መሆን የለበትም። በየሳምንቱ ፋይል ከፍቶ፣ ገጽ መርጦ፣ አይቶና አስተካክሎ ያሳተመ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ አይደነግጥም። ኮፒ ቤት የሚሄደው ልጅ ግን ፍላሹን አቀብሎ ቆሞ ያያል፤ እጁ ቁልፉን አይነካም። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲያትምለት ሳይሆን ራሱ እንዲያትም ነው የምንጠይቀው። ከክፍል ውጭ ኮምፒውተር የሚነኩበት ሌላ ቦታ ብዙዎቹ የላቸውም።

ሰልችቶናል። በየዓመቱ መጨረሻ የውጤት ዜና ሲሰማ «ተማሪው አያነብም» የሚለው ንግግር ሰልችቶናል። ምን ያንብብ? ያነብበው ዘንድ በእጁ የተሰጠው ምንድን ነው? ለወረዳው፣ ለዞኑና ለክልሉ ትምህርት ኃላፊዎች የምንለው አንድ ነገር ነው። አንድ መጽሐፍ ደርሷል ብላችሁ ሪፖርት ስታደርጉ፣ የደረሰው በፋይል ከሆነ ስንት ተማሪ ወረቀቱን በእጁ እንደያዘም ቁጠሩልን። ያ ቁጥር በሪፖርቱ ውስጥ ቢገባ ብዙ ነገር ይለወጣል፤ የማይቆጠር ነገር በጀት አይያዝለትም።

እኛም ወላጆች ዝም ብለን ማማረር ብቻ አይበቃንም። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ብዙዎቻችን እንቀራለን፣ የሄድነውም ስለ አጥሩና ስለ ዘበኛው መዋጮ ተነጋግረን እንበተናለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ጥያቄ ይዘን እንግባ። የትምህርት ቤቱ ማተሚያ ለተማሪ የሚከፈተው በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው? ቀለምና ወረቀት የሚገዛው ከየትኛው የበጀት መስመር ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? መልሱ በቃል ከሆነ አይበቃንም፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍና በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ከፍተን እናንብበው።